ልብ ትርታዋን ስትዘል፦ ጥያቄና መልስ

ደብረ ብርሃን ለረጅም ዓመታት በነርስነት ሠርቻለሁ፤ ያለጊዜው የሚመጣ የልብ ምት እኔንም ራሴን ይዞኝ 11 ዓመት ሆኖታል። ከሰሜን ሸዋ ልዩ ልዩ ወረዳዎች ለላካችኋቸው ጥያቄዎች የማውቀውን ያህል እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ ማታ በግራ ጎኔ ስተኛ ልቤ ቆም ትልና በኃይል ትደልቀኛለች። እንደቆመች ብትቀርስ?

መልስ፦ እትዬ፣ ልብዎ አልቆመችም። አንድ ምት ከተራው ቀድሞ ሲመጣ ልብ ገና በደም ስላልሞላች ምቱ ደካማ ይሆናል፤ አንጓዎን ይዘው ቢጠብቁ እንኳ ላይሰማዎት ይችላል። ከዚያ በኋላ ልብ ከወትሮው ጥቂት ረዘም አድርጋ ታርፋለች፤ በዚያች ዕረፍት ብዙ ደም ስለሚጠራቀም ተከታዩ ምት ይበረታል። እንግዲህ ደረትዎን የሚደልቀውና የሚያስደነግጥዎ ጤነኛው ምት ነው። በግራ ጎን ሲተኙ ደግሞ ልብ ወደ ደረት ግድግዳ ስለምትቀርብ ይበልጥ ይሰማል።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ምርመራ) ተነሥቼ «ደህና ነው» ተባልሁ፤ ግን አላመንሁም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ አለማመንህ አይገርመኝም፤ ኢሲጂ የሚመዘግበው ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ልብ በቀን ወደ 100,000 ጊዜ ስለምትመታ፣ 24 ሰዓት ደረት ላይ ታስሮ የሚውለው ሆልተር የሚባለው መሣሪያ የተሻለ ያሳያል። ጤነኛ ሰውም በቀን ጥቂት ያለጊዜያቸው የሚመጡ ምቶች አይጠፉበትም፤ ከታችኛው የልብ ክፍል የሚነሡት ከጠቅላላው ምት ከ10 በመቶ በላይ ሆነው ለረጅም ጊዜ ከቀጠሉ ግን ልብን ሊያደክሙ ስለሚችሉ ክትትል ያሻሉ። በአገራችን የጉሮሮ ሕመምን ተከትሎ የልብን በር የሚያበላሸው በሽታ ብዙ ስለሆነ፣ የልብ አልትራሳውንድ አንድ ጊዜ ሳይታዩ «ምንም አይደለም» ብሎ መደምደም አይገባም። የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ሥራ መብዛትና የፖታሲየም ማነስም በደም ምርመራ ይታያሉ።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ ቡና ልተው?

መልስ፦ ለብዙ ሰው መጠነኛ ቡና ይህን አያብስም፤ ሆኖም ሰው ከሰው ይለያያል። ሁለት ሳምንት ትተሽ እንደገና ጀምሪና ልዩነት እንዳለው ራስሽ እዪ፤ ካለው ከአቦል አትለፊ። እኔ ይልቅ የምፈራው አረቄውን፣ ጫቱንና የሠርግ ሰሞን እንቅልፍ ማጣትን ነው።

ጥያቄ (ከአንኮበር)፦ ዳገት ስወጣ ይጠፋል፤ ስቀመጥ ይመለሳል። መጥፎ ነው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ልብዎ በምርመራ ደህና ከተባለ ሲንቀሳቀሱ መጥፋቱ ብዙ ጊዜ ደግ ምልክት ነው። በተቃራኒው በዳገት ላይ የሚብስ ከሆነ፣ ራስ የሚያስት፣ ደረት የሚያምም ወይም ትንፋሽ የሚያሳጥር ከሆነ፣ ከቤተሰብም በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ይሂዱ። ትርታው አልፎ አልፎ መዝለሉ ቀርቶ ያለማቋረጥ ሥርዓት ካጣም ሌላ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ስትሮክም ሊያመጣ ስለሚችል ችላ አይባልም።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ ጎረቤቴ ፕሮፕራኖሎል ሰጠችኝ፤ ልውሰደው?

መልስ፦ አትውሰጂ። ፕሮፕራኖሎል የልብን ምት የሚያቀዘቅዝ መድኃኒት ነው፤ አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው፤ ሐኪም ያዘዘለትም ቢሆን በድንገት አያቋርጠውም።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ እርስዎ ራስዎ እንዴት ለመዱት?

መልስ፦ በመጀመሪያው ዓመት ቅዳሴ ላይ ቆሜ እንኳ ጣቴ ከአንጓዬ አይነሣም ነበር። አንድ ዝላይ ባገኘሁ ቁጥር እደነግጣለሁ፤ ድንጋጤው ደግሞ ሌላውን ይጠራል። ምርመራዬ ደህና መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ መጀመሪያ መቁጠሩን በቀን አንድ ጊዜ ብቻ አደረግሁት፤ በኋላም ፈጽሜ ተውሁት፤ ካደረግሁት ሁሉ የጠቀመኝ ይኸው ነው። ባለፈው ሐሙስ ሌሊት ሦስት ጊዜ ደልቆኝ ነቃሁ፤ ትንፋሼን በረጅሙ እያወጣሁ ጥቂት ቆየሁና ወደ ቀኝ ጎኔ ዞሬ፣ ባናዬን ተከናንቤ ተኛሁ።