ካርታን ከጠርዙ ጀምራችሁ አንብቡ

ልጆች፣ ቅየሳ ስትጀምሩ ስክሪን ላይ እንደምታፈጡ አውቃለሁ። እኔ ግን ስለ ወረቀት ላውራችሁ።

ላስ ቬጋስ በገባሁ በዓመቱ፣ ለሥራ ወደ ኔቫዳ የግጦሽ ምድር ወጣን። የያዝኩት የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ በ1:62,500 ስኬል የተሠራ አሮጌ ካርታ ነበር። አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ክብ፣ አጠገቧ «ጉድጓድ» ይላል። እዚያ እንቀዳለን ብዬ ጀሪካኑን በግማሽ ሞልቼ ተነሣሁ። ስንደርስ የዛገ ቧንቧና የተገለበጠ የከብት ገንዳ ብቻ። ወሩ ሐምሌ ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። የቡድኑ መሪ አልተቆጣኝም። ካርታውን መኪናው ላይ ዘረጋና የታችኛውን ጠርዝ በጣቱ መታ መታ አደረገ። ቅየሳው የተሠራው ከ30 ዓመት በፊት ነው። እኔ መሃሉን እንጂ ጠርዙን መች አየሁት!

በዚያ አገር ሰማያዊ መስመር ሁሉ ውኃ አይደለም። መስመሩ ተቆራርጦ በየመሃሉ ሦስት ነጥብ ካለ፣ ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚፈስ ወንዝ ነው። አፋርን ያየ ሰው ይሄ አይጠፋውም። ወይን ጠጅ ቀለም ስታዩ ደግሞ ጠንቀቅ በሉ። ከአየር ፎቶ ተነሥቶ በኋላ የተጨመረ ነው፤ ቦታው ድረስ ሄዶ ያረጋገጠ የለም። ይህንንም ጠርዙ ላይ ጽፈውታል።

ዳተሙንም፣ ማለትም የካርታው ልኬት የተነሣበትን መነሻ፣ እዩ። ብዙዎቹ አሮጌዎች በ1927ቱ (እ.ኤ.አ.) ዳተም የተሠሩ ናቸው። ጂፒኤሳችሁን ከዚያ ጋር ሳታስተካክሉ ከሄዳችሁ ከአጥሩ ወዲያ፣ የሰው መሬት ላይ ትገኛላችሁ። አገር ቤት በአዲንዳን፣ በኢትዮጵያ ካርታዎች ዳተም፣ የሠራ ሰው ጣጣውን ያውቀዋል።

አርጅቷል ብላችሁ ግን እንዳትጥሉት። እ.ኤ.አ. ከ1884 ጀምሮ የታተሙት የሰርቬዩ ካርታዎች ስካን ተደርገው በነፃ ይገኛሉ። የአንድ ቦታ ሁለት ሦስት እትም አውርዱና ጎን ለጎን አስቀምጡ። በአንዱ የነበረ መንገድ በሌላው የለም። ምንጩ ይጠፋና ስሙ ይቀራል። በተለይ የድሮዎቹን ኮንቱሮች፣ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙትን መስመሮች፣ ልብ በሉ። ፕሌን ቴብሉን፣ ሜዳ ላይ ካርታ የሚሣልበትን ባለ እግር ሰሌዳ፣ ተሸክሞ ኮረብታ የወጣ ሰው፣ መሬቱን ፊት ለፊት እያየ በእጁ የሣላቸው ናቸው። አንዳንዴ ሸለቆዋን ሳይ እጁ የሚታየኝ ይመስለኛል።

ያ ካርታ አሁንም እኔ ጋ አለ፤ እጥፋቱ ላይ ተቀዷል። ከሰማያዊዋ ክብ አጠገብ «ደረቅ» ብዬ በእርሳስ ጽፌያለሁ፤ ከሥሩ ደግሞ የሄድኩበትን ቀን።