ግድግዳው ጠማማ ከሆነ ካቢኔቱ ምን ያድርግ? የአናጢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ለሱቅ፣ ለክሊኒክና ለቢሮ ባንኮኒና ካቢኔት ሠርተው ከሚገጥሙ ባለሙያዎች የመጡ ናቸው። አንዳንዶቹን አሳጥሬያለሁ፤ ከአንዳንዶቹ ደግሞ ስድቡን አውጥቻለሁ።

አንድ ጀማሪ በሩ ውስጥ ለሚቀበረው ማጠፊያ የሚቦረቦረው ክብ ጉድጓድ ስፋቱ ስንት እንደሆነ ሦስት ሰው ጠይቆ ሦስት መልስ አግኝቷል።

በብዛት የሚሠራበት ማጠፊያ 35 ሚሊሜትር ነው፤ ጥልቀቱን ግን ከማጠፊያው ማሸጊያ ላይ ያንብቡ እንጂ በግምት ቦርቡረው በሩን በወዲያኛው ፊት እንዳይበሱት።

ሌላው አንባቢ 6 ሜትር ርዝመት ያለው የእንግዳ መቀበያ ባንኮኒ ሠርተዋል። ወርክሾፕ ውስጥ አንድም ቦታ ያልተዛነፈው ሥራ ቦታው ላይ ሲቀመጥ አንደኛው ጫፉ ከወለሉ 2 ሴንቲሜትር ያህል ተንሳፈፈ፤ ከግድግዳው ጋርም ጣት የሚያስገባ ክፍተት ፈጠረ። ባለቤቱ «ልክ አልወሰድክም» ይላል፤ እርሳቸው ደግሞ ፕላኑ ላይ ያለውን ልክ በትክክል እንደሠሩ ይምላሉ።

መሐላዎን አምናለሁ፤ ባለቤቱም ግን እውነቱን ነው። ፕላኑ ሕንፃው እንዲሆን የታሰበውን እንጂ የሆነውን አይናገርም። ግንበኛውና ለሳኙ ሥራቸውን ጨርሰው ከሄዱ በኋላ የሚቀርልን ሆዱ የወጣ ግድግዳ፣ ከ90 ዲግሪ የከፈተ ወይም የጠበበ ማዕዘንና ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ወለል ነው፤ ስለዚህ የግድግዳ ለግድግዳ ልክ ቢያንስ በሦስት ከፍታ፣ ማለትም ከወለሉ አጠገብ፣ በባንኮኒው ከፍታና ከላይ ተወስዶ ሥራው በጠባቡ ልክ ይሠራል፤ የሚቀረውም በጠርዝ መሙያ ጣውላ ይሸፈናል።

ለወለሉ በሌዘር ወይም በውሃ ልክ ግድግዳው ላይ አንድ አግድም መስመር ያስምሩና ከመስመሩ ወደ ታች በየግማሽ ሜትሩ ይለኩ። ልኩ ከሁሉም ያጠረበት ቦታ የወለሉ ከፍተኛ ነጥብ ስለሆነ ሥራው ከዚያ ይጀመራል፤ ምክንያቱም ካቢኔትን በሽብልቅ ከፍ ማድረግ ይቻላል እንጂ ወለል ውስጥ መቅበር አይቻልም። እኔ ረጅም ባንኮኒ ስሠራ መቆሚያውን ለብቻው እንደ መሰላል አድርጌ እሠራውና መጀመሪያ እርሱን ብቻ በውሃ ልክ አስተካክላለሁ፤ ካቢኔቶቹ ከዚያ በኋላ ሲቀመጡበት የሚያስቸግር ነገር አይኖርም፤ ሽብልቆቹንም ከታች የሚለጠፈው ዞኮሎ ይሸፍናቸዋል።

የግድግዳው ክፍተት ደግሞ በኮምፓስ ይፈታል። መሙያውን ጣውላ በትክክል አቁመው ወደ ግድግዳው ያስጠጉና ኮምፓሱን በሰፊው ክፍተት ልክ ከፍተው አንደኛው እግር ግድግዳውን እየዳበሰ እንዲወርድ ያድርጉ፤ በሌላው እግር ያለው እርሳስ የግድግዳውን ጉብታና ስርጉድ አንድም ሳያስቀር ጣውላው ላይ ይገለብጠዋል። መስመሩ ድረስ በመላጊያ ሲወርዱ የጣውላውን የኋላ ጠርዝ ትንሽ ሰያፍ አድርገው ይላጉት፤ ከፊት የሚታየው ጠርዝ ብቻ ግድግዳውን ይነካል። ሌላው ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር ካቢኔቶቹን እርስ በርስ በሞርሳ አስተካክለው ሳያያይዙ ወደ ግድግዳው ማጥበቅ ነው፤ ሆዱ የወጣው ግድግዳ ሳጥኑን ያጣምመዋል፣ በሮቹ አልገጥም ይላሉ፣ ከዚያም ማጠፊያው ያለ ጥፋቱ ይሰደባል።

በዚህ ነገር ከእርስዎ የተሻልኩ አይደለሁም። አንድ ጊዜ 3 ሜትር ከ20 የሆነ የባንኮኒ ፊት አንድ ወጥ አድርጌ ሠርቼ አሳንሰሩ አልቀበል አለኝ፤ በደረጃ ስንሞክር ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ተቀረቀረ፤ እዚያው ደረጃ ላይ ባለቤቱ እያየኝ ለሁለት ቆረጥኩት። ከዚያ ወዲህ ልክ መውሰድ የምጀምረው ከሕንፃው መግቢያ በር ነው።

የእርስዎ ባንኮኒ በመቆሚያና በመሙያ ስለሚድን እንደገና መሥራት አያስፈልግዎትም። ለሚቀጥለው ሥራ ግን የገጠማውን ዋጋ ከማምረቻው ለይተው ይጻፉ፤ ገጠማን እንደ ምርቃት የሚሰጥ አናጢ የሕንፃውን ጠማማነት ከኪሱ ይከፍላል።

ደንበኛቸው ኤምዲኤፉ (ከተፈጨ እንጨትና ከማጣበቂያ ተጨምቆ የሚሠራው ሰሌዳ) ከተቆረጠ በኋላ ቀለሙን ቀይሮ ተጨማሪውን አልከፍልም ያላቸው አንባቢ ምን ላድርግ ብለዋል።

የውል ጉዳይ ነውና ጠበቃ ያማክሩ። ወደፊት ግን ደንበኛው በቀለሙ ናሙና ጀርባ ላይ ሳይፈርም መጋዝ አያስነሱ።

ለ11 ዓመት ኤምዲኤፍ ስትቆርጥና ስታለሰልስ የኖረች ባለሙያ መነጽር የማያደበዝዝ ማስክ የትኛው እንደሆነ ትጠይቃለች። በደብዳቤዋ መጨረሻ ላይ ግራ አፍንጫዋ ከተደፈነ 4 ወር እንደሆነው፣ አልፎ አልፎም እንደሚደማ፣ «ከአቧራው ነው» በማለት ጠቅሳለች።

እህቴ፣ ጥያቄሽ መጨረሻ ላይ የጻፍሽው ነው። በዚህ ሳምንት የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ገና ስትገቢም ሥራሽ ምን እንደሆነና ስንት ዓመት እንደሠራሽው ንገሪው። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን እ.ኤ.አ. በ1995፣ በኤምዲኤፍ ማጣበቂያ ውስጥ ያለውን ፎርማልዴሃይድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ምድብ አስገብቷቸዋል፤ የእንጨት ብናኝ በተለይ የሚያጠቃውም አፍንጫንና በዙሪያው ያሉትን ክፍት ቦታዎች ነው። የብዙ ሰው መደፈን መንስኤው ቀላል ነገር ነው፤ ያንቺም እንደዚያው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በአንድ ወገን ብቻ ሆኖ ለወራት የቆየና የሚደማ አፍንጫ በግምት የሚታለፍ አይደለም። ሐኪሙ በጠብታ ብቻ ሊሸኝሽ ቢል ውስጡን በመሣሪያ እንዲያይልሽ ጠይቂ።

ማስኩን በተመለከተ ኤፍኤፍፒ2 ወይም ኤን95 የተባለው ይሁን፤ መነጽሩ የሚደበዝዘው በአፍንጫው ድልድይ በኩል ትንፋሽ ስለሚወጣ ነውና ሽቦውን ጨምቀሽ ግጠሚው፤ ትንፋሽ በሚወጣበት ብናኙም ይገባል። ከማስኩ በፊት ግን መጋዙ ላይ የብናኝ መምጠጫ ይገጠም፤ ማታ ማታም ወርክሾፑን በመጥረጊያ ወይም በኮምፕረሰር አየር ማጽዳት ይቅር።

አንድ አንባቢ ደንበኛቸው 80 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው የካቢኔት በር «ከእውነተኛ እንጨት» ብቻ ካልሆነ እንዳለ ጽፈዋል።

ይሥሩለት፤ ነገር ግን እንጨት እርጥበት ሲጨምርና ሲቀንስ በስፋቱ እንጂ በርዝመቱ ብዙም እንደማይንቀሳቀስ አይርሱ። ሰፊውን ጣውላ በፍሬም ቦይ ውስጥ ያለ ኮላ ያስገቡትና ለመስፋፋት ቦታ ይተዉለት፤ በኮላ ካሰሩት ወይ እርሱ ይሰነጠቃል ወይ ፍሬሙን ይከፍተዋል።

የመጨረሻው ጠያቂ መሳቢያዎቻቸው ሁሉ ጠብቀው አልከፈት እንደሚሉ ገልጸው መሳቢያው የሚንሸራተትበትን ሐዲድ አምራች ይረግማሉ።

በጎን የሚገጠመው ባለ ኳስ ሐዲድ አብዛኛውን ጊዜ በእያንዳንዱ ጎን 12.7 ሚሊሜትር ይፈልጋል፤ ስለዚህ የመሳቢያው ሳጥን ከክፍቱ ቦታ 25.4 ሚሊሜትር መጥበብ አለበት። እርስዎ በላኩት ልክ ላይ ልዩነቱ 24 ነው።