ከሥራ ተባረርኩ፤ ካሳዬስ?

በዚህ ሳምንት የደረሱኝ ጥያቄዎች ዞረው ዞረው ያው አንድ ነገር ናቸው፦ ከሥራ መባረር። መልሶቼ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን የተከተሉ ናቸው።

«ግምጃ ቤት ውስጥ 4 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ደመወዜ 9,000 ብር ነው። አለቃዬ ‹ሁሌ ታረፍዳለህ፣ ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ› አለኝ። ደብዳቤ የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። ስንት መጠየቅ እችላለሁ?» (ከቃሊቲ)

ማርፈድ በአንዴ የሚያባርረው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠ በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ሲደርስ ነው። ስንብቱም ምክንያቱና ቀኑ ተጠቅሶ በጽሑፍ መሆን አለበት። እንደነገሩኝ ከሆነ ጉዳይዎ ጠንካራ ነው።

ወደ ሒሳቡ እንግባ። 9,000 ለ30 ሲካፈል የቀን ደመወዝዎ 300 ብር ይሆናል። ካሳው የዚህ 180 እጥፍ ነው፤ 54,000 ብር። ከ1 እስከ 9 ዓመት ላገለገለ ሰው የማስጠንቀቂያ ጊዜው (አሠሪው ከማሰናበቱ በፊት አስቀድሞ ማሳወቅ ያለበት ጊዜ) 2 ወር ስለሆነ የ2 ወር ደመወዝ 18,000 ይጨመራል። የሥራ ስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት 9,000፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ሲሶው 3,000 ነው፤ እሱም 18,000 ይመጣል። ድምሩ 90,000 ብር። ያልወጡበት የዓመት ፈቃድ ካለ ለብቻው ይታሰባል። «ስንብትህን ከፍለንሃል፣ ምን ቀረህ?» ቢሉዎት እንዳይሸወዱ፤ ስንብትና ካሳ ለየቅል ናቸው።

ከገንዘቡ ይልቅ ሥራዎን ከፈለጉ እንዲመልሱዎት መጠየቅም ይችላሉ። ፍርድ ቤቱ ግን አብሮ መሥራቱ ከባድ ችግር ያመጣል ብሎ ካመነ በካሳ ሊያሰናብትዎት ይችላል።

እኔን የሚያሰጋኝ ማስረጃው ነው። በቃል ያባረረ አሠሪ ፍርድ ቤት ሲቀርብ «እኛ አላባረርነውም፣ ራሱ ጠፋ» ማለቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ «በዚህ ቀን እንዳልገባ ተከልክያለሁ፣ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ» የሚል ደብዳቤ ይጻፉ። መዝገብ ቤት አስገብተው ቅጂው ላይ የገቢ ማኅተም ያስመቱ። አንቀበልም ካሉ በሪኮማንዴ (በፖስታ ቤት የአደራ ደብዳቤ) ይላኩ። በር ላይ ሲመለሱ ያየ ጥበቃም ምስክር ነው።

«ከተባረርኩ 7 ወር ሆነኝ። ሽማግሌ ልከን ‹እናስተካክላለን› እያሉ አቆዩን። አሁን ልክሰስ?» (ከሐዋሳ)

የዚህ ሳምንት መራራ መልስ ይኸው ነው። ወደ ሥራ ለመመለስ ክስ የሚቀርበው በ3 ወር፣ ከስንብቱ ለሚመጣ ክፍያ ደግሞ በ6 ወር ውስጥ ነው። ሽማግሌ ስለተላከ ጊዜው አይቆምም። አንድ ቀዳዳ አለ፦ አሠሪው ጥያቄዎን በጽሑፍ አምኖ ከነበረ ይርጋው (የክስ ማቅረቢያ ጊዜው) ተቋርጦ እንደ አዲስ ይቆጠራል። የድሮ ደብዳቤዎችን ሁሉ ሰብስበው ዛሬውኑ ጠበቃ ያማክሩ። ሌሎቻችሁ ግን ሽምግልናውም ይቀጥል፣ ክሱም በጊዜው ይግባ። ሠራተኛ ለዚህ ክስ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም፣ ስለዚህ ገንዘብ የለኝም ብላችሁ አትዘግዩ።

«የ5 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ‹ሥራው ይከብድሻል› ብለው አሰናበቱኝ።» (ከአዳማ)

እህቴ፣ አሳቢ መስለው ነው የጎዱሽ። እርግዝና ከሥራ ለማሰናበት ምክንያት እንደማይሆን አዋጁ በግልጽ ይናገራል። ከወለድሽ በኋላም ለ4 ወር ጥበቃ አለሽ። ሥራሽን ከፈለግሽ ትመለሻለሽ፤ ካልፈለግሽ ካሳሽን ትወስጃለሽ። ምርጫው ያንቺ ነው። የሕክምና ካርድሽንና የስንብት ደብዳቤውን ቅጂ አስቀምጪ።

«‹ገና 6 ወር ሙከራ ላይ ነህ› ተብዬ በ4ኛው ወር ወጣሁ።»

የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። በ4ኛው ወር ሙከራህ አልቋል፤ ስለዚህ እንደማንኛውም ቋሚ ሠራተኛ ክሰስ።

«ወረቀት አቅርበው ‹በፈቃዴ ለቅቄያለሁ› ብለህ ፈርም አሉኝ፣ ፈረምኩ።»

ይሄ ከሁሉም ይከብዳል። መገደድህን የምታስረዳው አንተ ነህ፤ ፊርማህ ደግሞ እነሱ እጅ ነው። በዕለቱ ማን አብሮህ ነበር? ምን ብለው አስፈራሩህ? የተላከልህ መልእክት ካለ እንዳታጠፋው። ገና ላልፈረማችሁ፦ «አንብቤ ነገ እመልሳለሁ» ማለት ይቻላል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ የሥራ መሪ ወይም የቤት ሠራተኛ ሆናችሁ የጻፋችሁልኝ፣ እናንተ በዚህ አዋጅ አትዳኙም። ለየራሳችሁ በሌላ ሳምንት እመለስበታለሁ።