ደመወዝ ብቻውን የጤና ባለሙያን ያተጋል?

«ደመወዝ ቢጨመር የነርሶቻችን የሥራ ፍላጎት ይመለሳል ወይ?» ብለው ለጠየቁት፦ ይረዳል፣ ብቻውን ግን አይበቃም።

በእርግጥ መቅደም ያለበት ደመወዙ ነው። የቤት ኪራይ የሚያስጨንቀው ሰው ሙሉ ልቡን ለታካሚ መስጠት ይከብደዋል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ እ.ኤ.አ. በ1959 እንዳለው፣ ዝቅተኛ ክፍያ ሰውን ያማርራል፤ ጥሩ ክፍያ ደግሞ ምሬቱን ያስቀራል እንጂ በራሱ የሥራ ፍቅር አይፈጥርም። ፍቅሩ የሚመጣው ከሥራው ከራሱ፣ ከኃላፊነትና ከምስጋና ነው።

በቁጥር እየተለካ የሚሰጥ ማበረታቻ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2004 ለቤተሰብ ሐኪሞች በመለኪያ መክፈል ስትጀምር፣ ከሚከፈልባቸው ሥራዎች ብዙዎቹ ተሻሻሉ፤ ከማይከፈልባቸው አንዳንዶቹ ግን ወደ ኋላ ቀሩ። የደም ግፊት መለካት ቅጽ ላይ ይሞላል። ምጥ ያስፈራትን እናት እጇን ይዞ ማረጋጋት የት ይሞላል? እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ሌላው የዱቲ (የተረኝነት ሥራ) እና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ነው። በወቅቱ ይከፈል። ሲዘገይ ሰው የተናቀ ያህል ይሰማዋል፤ ያ ደግሞ ከገንዘቡ ማነስ በላይ ያስከፋል። ሽልማት ካለም ማን ለምን እንደተሸለመ በግልጽ ይነገር፤ አለዚያ አብረው አዳር የሚገቡ ሰዎች ይኮራረፋሉ።