ቤተሰቡ ሳይነቃ ባስ ማጥመድ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ የራሴን የዛሬ ሦስት ዓመት ጣጣ አስታወሰኝ። ነሐሴ ላይ ባለቤትህንና ሁለት ልጆችህን ይዘህ ቨርጂኒያ፣ ወንድምህ ጋ ለሦስት ሳምንት ልትሄድ ነው። እግረ መንገድህን ላርጅማውዝ ባስ የሚባለውን አሳ ማጥመድ አምሮሃል። ዘንግ ከአዲስ አበባ ልያዝ ወይ፣ ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ፣ የት ልሂድ ብለህ ጠይቀሃል። ደግሞም «ሚስቴ ሳትቀየመኝ እንዴት ይሆናል?» ብለሃል። ዋናው ጥያቄ የመጨረሻው ነውና ከእሱ ልጀምር።

እኔ የሐዋሳ ልጅ ነኝ። በልጅነታችን ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን፣ ክሩን ጣታችን ላይ ጠምጥመን፣ መንጠቆው ላይ ትል ሰክተን ቆሮሶ የሚባለው አሳ እስኪነካው መጠበቅ ነበር ሥራችን። እዚያው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ያለችውን እህቴን ልንጠይቅ ስንሄድ ታዲያ አሳ ማጥመድ የማውቅ መስሎኝ ነው የሄድኩት።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ቅዳሜ ቀን ነበር። ከፍልሰታ በፊት የመጨረሻው ቅዳሜ። እህቴ ዶሮ ሠርታለች፣ ዘመድ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተጠርቷል። እኔ ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ «ቶሎ እመለሳለሁ» ብዬ ወጣሁ። የተመለስኩት 10 ሰዓት ላይ ነው። አንድም አሳ አልያዝኩም፣ አንገቴ በፀሐይ ተልጧል፣ ቡናው በረካ ላይ ደርሷል። ባለቤቴ ሁለት ቀን «እሺ» እና «አይ» ብቻ ነው ያናገረችኝ። እናቴ ደግሞ የተናደደችው በሌላ ነው። እህቴ «ባስ ሊይዝ ሄዷል» ስላለቻት፣ ደጅ ሁለት መኪና ቆሞ እኔ ፌርማታ ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ የዋልኩ መስሏታል።

ያ ቀን ሁለት ነገር አስተማረኝ። አንደኛ፣ ከቤተሰብ ጋር ሄዶ ቀኑን ሙሉ መጥፋት አይቻልም። ሁለተኛ፣ በነሐሴ እኩለ ቀን ባስ ፍለጋ መሄድ ራሱ ሞኝነት ነው። እዚያ በጋው ያኔ ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ዳር ዳሩ ውኃ ይሞቃል፣ ትልልቆቹ ወደ ጥልቁ ወይም ጥቅጥቅ ወዳለ ጥላ ይገባሉ። ዳር ወጥተው የሚያድኑት ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ነው። ስለዚህ አሳውም ሚስትህም የሚፈልጉት አንድ ዓይነት ሰዓት ነው። ቤቱ ሳይነቃ ሂድ፣ ቁርስ ሳይቀርብ ተመለስ።

ይህን ደግሞ የአውሮፕላኑ ድካም ያግዝሃል። በነሐሴ አዲስ አበባ ከዋሽንግተን ሰባት ሰዓት ትቀድማለች። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ዓይንህ ይፈጣል፤ ለሰውነትህ ረፋዱ 4 ሰዓት ነው። ሌላው ሰው ጣሪያ እያየ ይገላበጣል። አንተ ቡናህን በቴርሞስ ይዘህ ውጣ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ውኃው ዳር ከደረስክ ሦስት ሰዓት ሙሉ የራስህ ነው። ስትመለስ ዶናት ይዘህ ግባ። እኔ ከዚያ ወዲህ አራት ቀን ሄጃለሁ፣ አንድም ቀን ቅሬታ አልሰማሁም።

የት ለሚለው፣ ወንድምህ ፌርፋክስ አካባቢ ከሆነ በርክ ሌክ የሚባለውን ሐይቅ የሚያህል የለም። 218 ኤከር ነው፣ ማለትም ወደ 88 ሄክታር። እንደ ሐዋሳ ሐይቅ እንዳታስበው፣ ከዚህ ዳር ሆነህ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ይታይሃል። የነዳጅ ሞተር ስለተከለከለ ውኃው ጸጥ ያለ ነው። ለልጆች ደግሞ ትንሽ ባቡር አለች፣ የሚሽከረከሩ ፈረሶች አሉ፣ አይስክሬም አለ። አንድ ቀን መላው ቤተሰብ ከሰዓት እንዲመጣ አድርግ። አንተ ጠዋት ያየኸውን ቦታ ለልጆችህ እያሳየህ ትዞራለህ። ቅዳሜና እሁድ ከካውንቲው ውጪ የመጣ መኪና ይከፍላል፤ የወንድምህን መኪና ከያዝክ ይህን ጠይቀው። መዋኘት ክልክል ነው፣ ለልጆቹ ቀድመህ ንገራቸው። የእኔ ልጅ ዋና ልብሷን ለብሳ መጥታ አልቅሳለች።

ፈቃድ ያስፈልጋል። ቀልድ የለውም። ዕድሜው 16 ዓመት የሞላው ሁሉ መያዝ አለበት፣ ከዚያ በታች ያሉ ልጆች ግን አያስፈልጋቸውም። የቨርጂኒያ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ በካርድ ትገዛለህ። የግዛቱ ነዋሪ ላልሆነ ሰው ለአንድ ቀን፣ ለአምስት ቀን ወይም ለዓመት የሚሆን አለ። እዚህ ጋ እኔ የሠራሁትን እንዳትሠራ፦ የባሕር ውኃና የጨው አልባ ውኃ ፈቃድ ለየብቻ ነው። እኔ ስልኬ ላይ ቸኩዬ የባሕሩን ገዛሁ። ማታ እህቴ ስታነበው ነው የታወቀው፣ ሌላ ለመግዛት ተገደድኩ።

ዕቃ ከአዲስ አበባ አትሸከም። ሻንጣህን ለበርበሬና ለሽሮ ተውለት፣ ለወንድምህ የሚጠቅመው እሱ ነው። እዚያ ለጀማሪ የሚሆን ዘንግ ከነማጠንጠኛው ከ40 እስከ 60 ዶላር ታገኛለህ። ክሩ 8 ወይም 10 ፓውንድ የሚችል ይሁን። ከዚህ ሌላ የምትፈልገው አንድ እሽግ ለስላሳ የፕላስቲክ ትልና ጥቂት መንጠቆ ነው። መንጠቆ መንቀያ ፒንሳም ያዝ። በቃ። እኔ መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ ሻጩ ልጅ ደስ የሚል ወሬ ነበረው፤ የሚያብረቀርቀውን፣ የሚንጫጫውን፣ እንቁራሪት የሚመስለውን ሁሉ አሸክሞኝ 140 ዶላር ከፍዬ ወጣሁ። አሳ የያዝኩት ግን አምስት ዶላር በማይሞላው ትል ነው።

አሁን ስለ አሳው ራሱ። ላርጅማውዝ ማለት አፈ ሰፊው ማለት ነው፣ ስሙም ይገባዋል። አፉን ሲዘጋ የላይኛው መንጋጋው ጫፍ ከዓይኑ አልፎ ወደ ኋላ ይሄዳል። ጀርባው አረንጓዴ ነው፣ ጎኑ ላይ ከጭንቅላት እስከ ጭራ የተቆራረጠ ጥቁር መስመር አለው። አዳኝ ነው። ትንንሽ አሳ፣ እንቁራሪት፣ የውኃ ሸርጣን የመሰለውን ክሬይፊሽ፣ አፉ የቻለውን ሁሉ ይውጣል።

እንደኛ ቆሮሶ አንድ ቦታ ተቀምጠህ ብትጠብቀው ግን ጊዜህን ነው የምታቃጥለው። ባስ አድፍጦ ነው የሚያድነው። የወደቀ ዛፍ ሥር፣ የሣር ጠርዝ ላይ፣ የእንጨት መትከያ ጥላ ውስጥ ይቆማል፤ የሚያልፍለትን ይጠብቃል። ስለዚህ የምትንቀሳቀሰው አንተ ነህ። እዚህ ሁለት ሦስት ጊዜ ወርውር፣ ካልነካ ሃያ እርምጃ ተራመድ፣ እንደገና ወርውር። ሐዋሳ ውስጥ አንድ ድንጋይ ላይ ቀኑን ሙሉ የተቀመጥኩት ሰውዬ ይህን ለመቀበል ሁለት ጠዋት ፈጅቶብኛል።

ለጀማሪ ቀላሉ ዘዴ ዋኪ ሪግ የሚሉት ነው። ትሉን በጫፉ ሳይሆን በወገቡ መሃል ትወጋዋለህ፣ ሁለቱ ጫፎች ግራና ቀኝ ይንጠለጠላሉ። ትወረውራለህ። ከዚያ ምንም አታደርግም። ትሉ ራሱ ሁለት ጫፉን እያርገበገበ ቀስ ብሎ ይሰምጣል። አብዛኛውን ጊዜ ባሱ የሚወስደው እየሰመጠ ሳለ ነው። አንተ የምታየው ክሩን ብቻ ነው።

ሦስተኛው ጠዋት ላይ የ11 ዓመቷ ልጄ አብራኝ ነቃች። ጭጋግ ውኃው ላይ እንደ እጣን ጭስ ተኝቷል። ግማሽ አካሉ ውኃ ውስጥ የገባ ግንድ አጠገብ ወረወርኩ። ክሩ ላላ ብሎ ውኃው ላይ ተኛ። ከዚያ «አባ፣ ክሩ እየሄደ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ምንም ዓይነት ንቅናቄ እጄ ላይ አልተሰማኝም፣ ግን ክሩ ቀስ እያለ ወደ ጎን፣ ከግንዱ እየራቀ ይሄዳል። የላላውን ሰበሰብኩና ዘንጉን ሳብኩት። ዘንጉ ጎበጠ። አሳው መጀመሪያ ወደ ታች ገባ፣ ከዚያ ድንገት ከውኃው ዘሎ ወጣ፣ አፉን ከፍቶ ጭንቅላቱን ወዘወዘ። ልጄ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች።

1 ኪሎ ከ300 ግራም ነበር። ለማነጻጸር ያህል፣ በዓለም ትልቁ ተብሎ የተመዘገበው በ1932 ጆርጂያ ውስጥ ጆርጅ ፔሪ የያዘው ሲሆን ከ10 ኪሎ በላይ ነው። በ2009 ጃፓን ውስጥ ቢዋ ሐይቅ ላይ ማናቡ ኩሪታ የያዘው ደግሞ ከእሱ ጋር እኩል ተብሎ ተመዝግቧል። በርክ ሌክ ላይ ይህን አትጠብቅ። ኪሎ ያለፈ ከያዝክ ደስ ይበልህ።

አያያዙን ከወዲሁ ልንገርህ። ጥርሱ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻካራ ነው እንጂ አይቆርጥም። አውራ ጣትህን አፉ ውስጥ አስገብተህ የታችኛውን ከንፈር ትይዛለህ፣ ዝም ይላል። ከፍ ያለ አሳ ከሆነ በሌላው እጅህ ሆዱን ደግፈው፣ በከንፈሩ ብቻ አንጠልጥለህ ፎቶ ስትነሳ መንጋጋውን ትጎዳዋለህ። የመንጠቆውን ወደ ኋላ የተመለሰ እሾህ ከመጀመሪያው በፒንሳ ጨፍልቀው፤ ሲነቀል ይቀላል፣ ከአሳውም ከጣትህም።

ከዚያ ትለቀዋለህ። ሕጉ የተወሰነ ቁጥር መውሰድ ይፈቅዳል፣ የመጠን ደንቡን ግን ለምትሄድበት ሐይቅ ለብቻው አንብብ። እዚያ አብዛኛው ባስ አጥማጅ ይለቃል። ቤት ገብቼ ፎቶውን ለእናቴ ሳሳያት «ታዲያ የታለ?» አለች። ለቀቅኩት አልኳት። ስልኩን መለሰችልኝና «በሌሊት ተነስተህ፣ ከፍለህ፣ ይዘህ፣ ለቀቅከው» ብላ አራቱን በጣቷ ቆጠረችልኝ። ፍልሰታ ገብቶ ነበር። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እኛ ቤት የለም፣ እሷ አትበላም፣ ማንም አይበላም። ብወስደውም ፍሪዘር ውስጥ ነበር የሚከርመው። አንተም በነሐሴ ስለሆነ የምትሄደው ይህን አስብበት።

ፖቶማክ ወንዝስ ካልከኝ፣ ባሱ እዚያ ይበዛል፣ ጣጣውም እንደዚሁ። ወንዙ ዋሽንግተን ድረስ በባሕሩ ሞገድ ይሞላል ይጎድላል። ውኃው እየጎደለ ሳለ ባሱ ከሣሩ ጠርዝ ላይ ይሰለፋል፣ ሲሞላ ሣሩ ውስጥ ይበተናል። ይህን ያለ ጀልባና ያለ አስጎብኚ መከተል ከባድ ነው። አስጎብኚ ከቀጠርክ አብዛኛው የባስ ጀልባ ሁለት እንግዳ ነው የሚይዘው፣ ወንድምህን ይዘህ ትሄዳለህ ማለት ነው። የዋሽንግተን ከተማ ክልል ውስጥ ከሆነ ፈቃዱም የከተማዋ እንጂ የቨርጂኒያው አይሠራም። ከዚያ ወንዝ የወጣ አሳ ስለ መብላት የጤና ማስጠንቀቂያ አለ፣ ባትበላው ይሻላል። እባብ የመሰለ ጭንቅላት ያለው ስኔክሄድ የሚባል አሳ ከያዝክ አትደንግጥ። ከእስያ የመጣ ነው፣ ፖቶማክ ውስጥ የተገኘው በ2004 ነው። ልጄ ፎቶውን አይታ «አምባዛ!» ብላለች። ከነሕይወቱ ይዞ መሄድ ክልክል ነው።

ሦስት ነገር ለልጆቹ። ሣር ውስጥ መዥገር አለ፣ ረጅም ሱሪ አልብሳቸው፣ ቤት ስትገቡ ከጉልበት ጀርባና ከጆሮ ኋላ እይ። ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው ፖይዝን አይቪ የሚባል ሐረግ ሐይቁ ዳር በየዛፉ ይወጣል፤ ነክተኸው ቆዳህ ሳምንት ያሳክካል። ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ከሰማህ ዘንጉን ጥለህ መኪና ውስጥ ግባ። የነሐሴ ዝናባቸው ከእኛ ሐምሌ ይብሳል፣ ሳይጠራ ነው የሚመጣው።

ወንድምህ ያለበት ለአሌክሳንድሪያ ከቀረበ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ሁለቱ ዘንጎቼ እህቴ ጋራዥ ውስጥ ከበረዶ አካፋው ጀርባ ቆመዋል። ረጅሙ ደህና ነው። አጭሩ የልጄ ነው፣ ጫፉ ላይ ያለችው ቀለበት ወልቃለች፣ ካሠራሃት ለልጅህ ትሆናለች። የተረፉ ትሎችም አሉ። የተኛችውን እናቴን እንዳትቀሰቅስ ግን ማታውኑ ውሰዳቸው።