«አተላ» ብለው ሰደቡን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አዘዞ ነው የምኖረው፤ ሰሊጥ ሲደርስ ግን መተማ ዮሐንስ ወርጄ ጫኝና አውራጅ እሆናለሁ። ከገላባት የሚሻገሩ የሱዳን ሾፌሮች መኪናቸውን አስጠግተው «ያ አታላ!» እያሉ ይጠሩናል። አንዱ ጓደኛችን «አተላ ነው የሚሉን» ብሎ ለጠብ ተነስቶ በመከራ ያዝነው። ድሬዳዋ የኖረ ልጅ ደግሞ ዐረቦች ተሸካሚን «ሐማል» ነው የሚሉት ይላል። የቱን እንመን?
ከአዘዞ

መልስ፦ ጓደኛህን ቶሎ አስታግሥልኝ፤ ከጠላ አተላ ጋር አይገናኝም። ቃሉ «ዐታል» ነው፣ ታው ይጠብቃል፤ ጫኝ፣ ተሸካሚ ማለት ነው። ብዙ ሲሆኑ «ዐታላ» ይባላሉ፤ ሾፌሩ የጠራው ሁላችሁንም ነው። መነሻው የዐይኑ ዐ ነው። ዐረቡ ከጉሮሮው ያወጣዋል፤ እኛ ፊደሉን ይዘን ድምፁን ስለጣልነው ተራ አ ሆኖ ይሰማናል። ትግርኛ የሚናገር ሰው መካከላችሁ ቢኖር ጆሮው ይለየው ነበር።

ስድብ ባይሆንም ሥሩ ለስላሳ አይደለም። «ዐተለ» በኃይል ይዞ ጎተተ ነው። ቁርኣን በአድ-ዱኻን ምዕራፍ (44፡47) ኃጢአተኛውን «ያዙትና ወደ ገሀነም መካከል ጎትቱት» ሲል የተጠቀመው ይህንኑ ግስ ነው። ከባድ ነገር የሚፈነቀልበት የብረት ዘንግም ስሙ ከዚሁ ነው። መቶ ኪሎ ጆንያ ከመሬት ላነሣ ሰው ቃሉ አይከብደውም።

የድሬው ልጅም ልክ ነው። «ሐማል» ከ«ሐመለ»፣ ተሸከመ፣ የወጣ ነው፤ እርጉዝ ሴትም ከዚሁ ሥር «ሓሚል» ትባላለች። ሶማሌውም ቱርኩም ይህንኑ ቃል ወስደዋል፤ ስዋሂሊ «ሐማሊ» ይላል፤ ስፔን እንኳ «አላሜል» የሚል ቅሪት አላት። የኢስታንቡል ሐማሎች ጀርባቸው ላይ ያስሩት የነበረው ወፍራም ድጋፍ «ሰመር» ይባላል፤ ቱርኮች የጭነት ከብት ኮርቻንም የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው። እናንተ ማጅራታችሁ ላይ የምታጥፉት ባዶ ጆንያ የዚያ ታናሽ ወንድም መሆኑ ነው።

እኔ ግን በልጅነቴ አዲስ ዓለም ውስጥ ሱዳን ደርሰው ከሚመለሱ ነጋዴዎች የሰማሁት «ሸያል» የሚለውን ነበር፤ እሱም «ሻለ»፣ አነሣ፣ ካለው ነው። ሦስቱም አንድ መልክ አላቸው፤ መካከለኛው ፊደል ጠብቆ የሙያ ስም ይሆናል፣ እኛም «ገባር» እንደምንለው።

ሾፌሩ ደግሞ ሲጠራችሁ «ያ ሰዋግ!» ብላችሁ መልሱለት። ነጂ ማለት ነው፤ ዋው ይጥበቅ።