ስህተቱ መቼ ተሠራ? ባዮሎጂ ለምታጠኑ ወጣቶች

ልጆቼ፣ የዘረመል ትምህርት የሚከብዳችሁ ስሙ ስለበዛ ይመስላችኋል። ዋናው ጣጣ ግን ሁለት ስህተቶችን አንድ አድርጎ ማየት ነው። አንዱ ዲኤንኤ ሲገለበጥ የሚሠራ የፊደል ስህተት ነው (ፊደሎቹ አዴኒን፣ ታይሚን፣ ጓኒንና ሳይቶሲን ናቸው)፤ ሌላው የተገለበጠው ክሮሞሶም፣ ማለትም የተጠቀለለው የዲኤንኤ ክር፣ ለህዋሶች ሲከፋፈል የሚሠራ የማካፈል ስህተት። የበሽታ ስም ከመሸምደዳችሁ በፊት "መቼ? በየትኛው ህዋስ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ከግልበጣው እንነሣ። ሄሊኬዝ የተባለው ኢንዛይም ሁለቱን የዲኤንኤ ሰንሰለቶች ይከፍታል፣ ፕራይሜዝ አጭር የአርኤንኤ መነሻ ያስቀምጣል፣ ፖሊሜሬዝ ከዚያ ይቀጥላል። ፖሊሜሬዝ አዲሱን ሰንሰለት የሚያስረዝመው ከ5 ፕራይም ወደ 3 ፕራይም ብቻ ነው፤ እነዚህ የሰንሰለቱ ሁለት ጫፎች ስም ናቸው። ሁለቱ ሰንሰለቶች ግን በተቃራኒ አቅጣጫ የተጣመሩ ናቸው፤ ስለዚህ አንደኛው ሰንሰለት ሳይቋረጥ ሲገለበጥ ሌላኛው በቁርጥራጭ ይገለበጣል፤ ቁርጥራጮቹን ላይጌዝ ይገጣጥማቸዋል። ይህን ሁለት ተቃራኒ ቀስቶች ሥላችሁ ካላያችሁት አይገባችሁም።

ፖሊሜሬዝ በ100,000 ፊደል አንድ ጊዜ ያህል ይስታል። ትንሽ ይመስላል፤ የሰው ህዋስ ግን በአንድ ዙር 6 ቢሊዮን ያህል ጥንድ ሲገልብጥ 12 ቢሊዮን ያህል አዲስ ፊደል ስለሚያስገባ 120,000 ስህተት ይሆናል! ደግነቱ ኢንዛይሙ ራሱ አንድ እርምጃ ተመልሶ የሳተውን ይነቅላል፤ ያመለጠውን ሌሎች የጥገና ፕሮቲኖች ይለቅማሉ። በመጨረሻ የሚቀረው በቢሊዮን አንድ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው።

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። በጓኒን ትይዩ ሳይቶሲን መግባት ሲገባው ታይሚን ገባ እንበል። ይህ ገና ሚውቴሽን፣ ማለትም ቋሚ የዲኤንኤ ለውጥ፣ አይደለም፤ ጥንዱ ስለማይገጥም ጠጋኞቹ ያዩታል። ሳይታረም ቀጣዩ ግልበጣ ከደረሰ ግን ጓኒን ሳይቶሲንን፣ ታይሚን ደግሞ አዴኒንን ያስገባል። ከሚወጡት ሁለት ህዋሶች አንዱ ደህና ነው፤ ሌላው የታይሚንና የአዴኒን ጥንድ ይዟል። ያ ጥንድ በትክክል ስለሚገጥም ከዚያ ወዲያ ስህተት ነው የሚለው ጠጋኝ የለም። በሲክል ሴል በሽታም የተለወጠው አንድ ፊደል ነው፤ ቤታ ግሎቢን በተባለው የደም ፕሮቲን 6ኛ ቦታ ግሉታሚክ አሲድ የተባለው አሚኖ አሲድ በቫሊን ይተካል።

የማካፈል ስህተቱ ሌላ ነው፤ ፊደሉ ደህና ሆኖ ቁጥሩ ይዛባል። የወንድ ዘር ህዋስ የሚሠራው ሚዮሲስ በተባለው፣ የክሮሞሶምን ቁጥር በግማሽ በሚቀንስ ባለ ሁለት ዙር ክፍፍል ነው፤ አንድ ጥንድ ክሮሞሶም በመጀመሪያው ሚዮሲስ ካልተለያየ አራቱም ውጤቶች ይበላሻሉ፦ በ23 ፈንታ ሁለቱ 24፣ ሁለቱ 22 ይይዛሉ። ስህተቱ በሁለተኛው ሚዮሲስ በአንዱ ህዋስ ከደረሰ ግን ሁለቱ ደህና ይወጣሉ። በሁለት ቀለም እስክርቢቶ ሥላችሁ ቁጠሩ፤ ፈተና ላይ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው። ዳውን ሲንድረም ከተጨማሪ 21ኛ ክሮሞሶም እንደሚመጣ በ1959 ታውቋል። ከእናት ዕድሜ ጋር የሚያያዘው፣ እንቁላሎች ሚዮሲስን ከመወለድ በፊት ጀምረው ለዓመታት ቆመው ስለሚቆዩ ነው፤ ክሮሞሶሞቹን አጣብቆ የያዘው ኮሂሲን የተባለ ፕሮቲንም እየላላ ይሄዳል።

"በየትኛው ህዋስ?" የሚለውም እንዳይዘነጋ። በቆዳ ህዋስ ላይ የደረሰ ለውጥ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል እንጂ ለልጅ አይተላለፍም። በአንድ ሰው ደም ውስጥ 46 (መደበኛው ቁጥር) እና 47 ክሮሞሶም ያላቸው ህዋሶች ተቀላቅለው ከተገኙ ደግሞ እንቁላሉን ወይም የአባትን ዘር ለመውቀስ አትቸኩሉ፤ ስህተቱ ከጽንሰት በኋላ በማይቶሲስ፣ ማለትም በተራው የሰውነት ህዋስ ክፍፍል፣ ደርሶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ጽንሱ በ47 ጀምሮ ከህዋሶቹ አንዳንዶቹ ትርፉን ጥለውት ይሆናል።